ሎሚ እንዳይበርዳት

ሎሚ ደሴ የገባችው በታኅሣሥ ወር፣ 2012 ዓ.ም. ነው። ጂዳ የምትሠራው እህቴ ወደ አገሯ በምትመለስ ጓደኛዋ በኩል ዕቃ ልካልን ነበር። ለእናታችን ብርድ ልብስ፣ ለእኔ ሽቶ፣ ለልጄ በካርቶን የታሸገች አሻንጉሊት። ባርቢ ከሚሏት ጋር አንድ ዓይነት ናት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፀጉሯ ቢጫ። የለበሰችው እጅጌ የሌለው ስስ ቀሚስ ነው።

ልጄ ያኔ 5 ዓመቷ ነበር። ካርቶኑን ስከፍትላት ትጮሃለች፣ ትዘላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ዝም ብላ አየቻት። ክንዷን በጣቷ ነካ አደረገች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «እማ፣ ይበርዳታል እኮ» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በታኅሣሥ ጠዋት ከጦሳ ተራራ በኩል የሚወርደው ብርድ አጥንት ይገባል። እኛ ሁለት ሹራብ ደርበን ጋቢ ጨምረንበታል። የእንግዳችን ትከሻ ግን ባዶ ነው። ልጄ ለፀጉሯ ቢጫነት ብላ «ሎሚ» የሚል ስም አወጣችላት፣ በእኔ ሻሽ ጠቀለለቻት፣ አቅፋት ተኛች። እኔን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጨለማው ውስጥ የሎሚን እጅጌ እቆጥራለሁ። ስንት ዓይን፣ ስንት የሹራብ ቀለበት ይበቃዋል? አንገቱስ በየት በኩል ይከፈት?

ይኸው ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬም ለአሻንጉሊት ሹራብ እሠራለሁ።

ሹራብ የተማርኩት ኮምቦልቻ ነው፣ ያደግሁበት ከተማ። ከደሴ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሐረጎን ቁልቁል ወርዳችሁ ስትደርሱ ግን ሌላ አገር ነው፤ ይሞቃል። አባቴ እዚያ ብስክሌት ይጠግን ነበር። የእኛ ሰፈር ሴቶች ሹራብ የሚሠሩት ደግሞ በብስክሌት ራጂ፣ ጎማውን በሚወጥረው ቀጭን ሽቦ ነው። ከሱቅ የሹራብ መርፌ መግዛት ማን አስቦት።

አባቴ ያረጀ ጎማ በፈታ ቁጥር የተጣመመውን ራጂ ይጥላል፣ ቀጥ ያለውን ለእኔና ለእህቴ ያስቀምጣል። ራጂ አንዱ ጫፉ ቆልመም ያለ ነው። በሌላው ጫፉ ደግሞ ብሎን የሚገባበት ጥርስ አለው። ሁለቱንም ቆርጦ ይጥላቸውና ጫፉን በሞረድ ያሾለዋል። ከዚያ የራሱ ጉንጭ ላይ ሳብ ያደርገዋል። «ጉንጭ ከቧጠጠ ክርም ይይዛል» ይላል። ከቧጠጠው እንደገና ይሞርደዋል። በስተመጨረሻ ዓይኖቹ እንዳያመልጡ በአንደኛው ጫፍ ላይ ካላማዳሪ በቀጭኑ ቆርጦ ይጠመጥምበታል። የጎማ ሽታ የነበረው ሹራብ ለብሼ ነው ያደግሁት ብል ማጋነን አይሆንም።

ካደግሁ በኋላ ነው የገባኝ፤ ራጂ 2 ሚሊ ሜትር ነው ውፍረቱ። ለሰው ሹራብ በጣም ቀጭን ነው። ልጆች ሆነን አንድ ሹራብ ክረምቱን ሙሉ የሚፈጅብን ለዚያ ነበር። ለአሻንጉሊት ግን ልክክ ይላል። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። አራት ራጂዎቹ እኔ ጋ አሉ። ዝገት የሚባል አልነካቸውም፤ የእጅ ወዝ አብርቷቸዋል። የሎሚን ሹራብ በሌላ መርፌ ሠርቼ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ሹራቧን የሠራሁት ለሕፃን እንደምሠራው አድርጌ ነበር፤ በራስ በኩል የሚጠለቅ። ሦስት ማታ ወሰደብኝ። ልጄ ልታለብሳት ስትሞክር ጭንቅላቷ አልገባ አለ። እንደ ሎሚ ያሉ አሻንጉሊቶች ጭንቅላታቸው ለአንገታቸው ትልቅ ነው፤ ፀጉሩ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። እኛ ሹራብ ስንለብስ ራሳችንን ዘንበል፣ ክርናችንን አጠፍ እናደርጋለን። የሎሚ ክርን አይታጠፍም። ልጄ አለቀሰች። «ሎሚ ወፍራም ናት እንዴ?» አለችኝ። ሎሚ ምንም እንዳላጠፋች፣ የተሳሳተው ሹራቡ እንደሆነ ነገርኳት። እሷ ስትተኛ ፈታሁት።

ለአሻንጉሊት ልብስ ከኋላ መከፈት አለበት። ይህ የመጀመሪያ ትምህርቴ ነው። ሁለተኛው ልኬት ነው። ሎሚ 29 ሴንቲ ሜትር ናት። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣችው የመጀመሪያዋ ባርቢም ይሄው ነበር ቁመቷ። የሰው አንድ ስድስተኛ ማለት ነው። ይህን አንድ ስድስተኛ አንዴ ከያዛችሁት ብዙ ነገር ይገለጥላችኋል። የተራ ሸሚዝ ቁልፍ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እሱን ሎሚ ደረት ላይ ስትሰፉት በእኛ ሚዛን 6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የስኒ ማስቀመጫ አክሎ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ቁልፍ ትቼ ዶቃ ነው የምጠቀመው። ክሩም እንዲሁ ነው። ለእኛ መካከለኛ የሆነው ክር ለእሷ ገመድ ነው። ጫፉን ፈታ አድርጌ አየዋለሁ። ብዙ ጊዜ 4 ቀጫጭን ክሮች ተጠማዘው ነው የተሠራው። ለሁለት እከፍለዋለሁ።

ደረቷ 13 ሴንቲ ሜትር፣ ወገቧ 9። በራጂና በቀጭን ክር ስሠራ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 34 ዓይን ይገባልኛል። ለደረቷ 44 ይመጣል። ከኋላ ለሚደረበው 4 እጨምራለሁ። 48። ይቺን ቁጥር እንደ ስልክ ቁጥሬ ነው የማውቃት።

ሹራብ ላይ ያለው ዓይን ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። እኛ ቤት ቀጥና ግልብጥ እንላቸዋለን። እነሱም ቢሆኑ አንድ ናቸው፤ ቀጡን ከጀርባው ብታዩት ግልብጥ ነው። አንዱን ረድፍ በቀጥ፣ ቀጣዩን በግልብጥ ከሠራችሁ ፊቱ ልስልስ ብሎ ያምራል፤ ጠርዙ ግን ይጠቀለላል። በሰው ሹራብ ላይ ብዙም አይታይም። ቁመቱ 8 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሹራብ ላይ ጠርዙ ተጠቅልሎ አንድ ሴንቲ ከበላ ግን እምብርቷ ይታያል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አራት ረድፎች እዚያው ረድፍ ላይ አንድ ዓይን ቀጥ አንድ ዓይን ግልብጥ እያደረግሁ ነው የምነሳው። ያኔ ጠርዙ ይተኛል፣ ወገቧንም ሰብሰብ ያደርገዋል።

እጅጌ ላይ ያለውን ችግር የፈታችው ልጄ ናት። የሎሚ ጣቶች ተለያይተው የተሠሩ ስለሆኑ ክሩን ይይዙታል። አውራ ጣቷ አንድ ዓይን ከያዘ መጎተት ነው፣ መተርተር ነው። አንድ ቀን ልጄ የዳቦ ፌስታል ቀዳ እጇን ጠቀለለችውና እጅጌውን በላዩ አንሸራተተችው። ሸተት ብሎ ገባ። ከዚያ ፌስታሉን ከጫፉ ሳበችው። ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። እኔ ይህን ለማሰብ ስንት ማታ ፈጅቼ ነበር!

የምውለው ሱቅ ነው። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ቤት አለችኝ። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት። ሰው ሲመጣ ብድግ፣ ሰው ሲሄድ ቁጭ ነው ሥራው። እንዲህ ያለ ቦታ ትልቅ ሹራብ ይዞ መቀመጥ አይመችም፤ ጭን ላይ ይከመራል፣ ወለል ይጠርጋል። የሎሚ ሹራብ መዳፍ ላይ ያልቃል። 48 ዓይን አንድ ረድፍ ነው። የአንድ ተማሪ 40 ገጽ ኮፒ ወጥቶ እስኪያልቅ እኔ አንድ ረድፍ እጨርሳለሁ። ማሽኑ ሲያቆም እኔም አቆማለሁ። ገንዘቡን እቀበላለሁ፣ መልስ እሰጣለሁ፣ ወደ ራጂዬ እመለሳለሁ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ነው። ማሽኑ ዝም ይላል፣ ሱቁ ይጨልማል። ወንበሬን በሩ ላይ አወጣለሁ። ተማሪዎቹ ደረጃው ላይ ተደርድረው መብራት ይጠብቃሉ። ድሮ ይህን ሰዓት እንዴት እንደምጠላው! ስንት ብር ቀረብኝ እያልኩ ሆዴን ስበላ ነበር የምውለው። አሁንም ገንዘቡ መቅረቱ አልቀረም። ግን ጠቋሚ ጣቴ ላይ ክር አለ፣ ጭኔ ላይ ብርሃን አለ፣ እጅጌው ወደ ክርኑ እየደረሰ ነው።

አንድ ቀን እንዲሁ መብራት ጠፍቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አጠገቤ ቆመ። ቆይቶ፣ «እትዬ፣ ለሕፃን ነው?» አለኝ።

«ለአሻንጉሊት ነው» አልኩት።

ይስቃል ብዬ ነበር። እጁን ዘረጋና «ልየው?» አለኝ። ያለቀ አንድ ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠሁት። መዳፉ ላይ ዘርግቶ አገላበጠው። ብብቱን አየ፣ አንገቱን አየ። «የእውነት ሹራብ ነው እኮ!» አለ።

ይሄ ልጅ ሳያውቀው የልቤን ተናገረ። ትንሽ ስለሆነ የሚቀርበት ነገር የለም። ብብቱ ላይ ዓይን ይቀነሳል። ትከሻው ይገጠማል። አንገቱ ዓይን ተነሥቶለት ለብቻው ይሠራል። እጅጌው ከአንጓው ጀምሮ እየሰፋ ይወጣል። የሚቀንሰው ክሩና ጊዜው ነው፤ ሥራው ሙሉ ነው። በትልቁ ላይ አንድ ዓይን ብትዘሉ ማንም አያየው። እዚህ አንድ ዓይን ብትዘሉ ደረቷ ላይ መስኮት ነው።

አክስቴ ግን አልገባትም። ልትጠይቀን መጥታ መሳቢያዬ ውስጥ የተደረደሩትን አየቻቸው። «አንች ልጅ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ለሰው ብትሠሪበት አይሻልም ነበር?» አለችኝ። በክፋት አይደለም፣ አውቃታለሁ። እሷ ዘጠኝ ልጆች ያለበሰች ሴት ናት።

ለሰውም እሠራለሁ። በዓመት ሁለትም ሦስትም ይወጣኛል። ግን እውነቱን ልናገር፣ ትልቅ ሹራብ ስይዝ እፈራለሁ። አንድ ወር ሙሉ ሠርቼ አንገቱ ቢበላሽስ? ስለዚህ የማውቀውን ብቻ እደጋግማለሁ። ከልጅነቴ እስከ 2012 ድረስ አንድ ዓይነት ሹራብ ነው ስሠራ የኖርኩት። ሎሚ ናት ያደፋፈረችኝ። ዓይኖችን አሻግሮ እንደ ጉንጉን የሚወርደውን ሥራ በእሷ ሞከርኩ። ክር ከፊት እየጠቀለሉ ቀዳዳ ቀዳዳውን በእሷ ሞከርኩ። እጅጌውን ከትከሻ ቁልቁል መሥራትም በእሷ ነው የጀመርኩት። አልሆን ሲል የሚፈታው የሁለት ማታ ሥራ ነው። አምና ለእናቴ የሠራሁት ከፊት የሚቆለፍ ሹራብ ጉንጉን የወረደበት ነው። በእሷ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሎሚ አራት ጊዜ ለብሳዋለች። ይህን ለአክስቴ ነገርኳት። እናቴን አየቻት፣ ጉንጉኑን በጣቷ ተከትላ ወረደች። «እንዲያ ከሆነ ለእኔም ይሁን» አለች።

ደግሞ ሌላም አለ። ቤቴ ውስጥ የሚያልቅ ሥራ የለም። ወጡን ሠርቼ ስጨርስ ይበላል፣ ነገ ይሠራል። ልብሱን አጥቤ ስሰቅል ቅርጫቱ ሥር ሌላ ካልሲ አለ። የሱቁ ሒሳብ ወር በመጣ ቁጥር አዲስ ነው። የሎሚ ሹራብ ግን ማክሰኞ ይጀመራል፣ ሐሙስ ማታ ይዘጋል። የመጨረሻውን ዓይን ሳብ አድርጌ ክሩን ስቆርጥ የምሰማት ድምፅ አለች፤ ጥስ። ከዚያ ወዲያ ማንም የሚጨምርበት ነገር የለም።

ክሩን የማገኘው ሰኞ ገበያ ነው፤ ከልባሽ። አዲስ ክር በየሱቁ አለ፣ ቀለሙ ግን ያው አምስት ስድስት ዓይነት ነው። ልባሽ ተራ ውስጥ ግን የማታገኙት ቀለም የለም። ሰው የማይገዛውን እፈልጋለሁ፤ ክርኑ የተቀደደ፣ ደረቱ ቡና የፈሰሰበት። መጀመሪያ የጎን ስፌቱን ገልብጬ አያለሁ። አንዳንዱ ሹራብ በቅርጹ የተሠራ ነው፤ ስፌቱን ስትፈቱት ክሩ ከታች እስከ ላይ ሳይቆረጥ ይመዘዛል። አንዳንዱ ግን እንደ ጨርቅ ተቆርጦ በማሽን የተሰፋ ነው። እሱን ስትፈቱት እያንዳንዱ ረድፍ ቁርጥራጭ ሆኖ ነው የሚወጣው። ለሰው ሹራብ አይረባም። ለሎሚ ግን ከአንዱ ጎን እስከ ሌላው የሚደርስ ክር አንድ ሁለት ረድፍ ይሠራል! ሌሎች የሚተዉትን ነው የምሰበስበው። ሻጮቹ አውቀውኛል። «የአሻንጉሊቷ እናት መጣች» ይላሉ፤ ከቦንዳው ሥር የቀረውን ያወጡልኛል።

ቤት ስገባ አንድ ቁራጭ ክር በክብሪት አቃጥላለሁ። ሱፍ ከሆነ ፀጉር ሲቃጠል የሚሸተውን ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈርሳል። አክሪሊክ ከሆነ ይቀልጥና እንደ ፍሬ ይደርቃል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ አክሪሊክን በጋለ ካውያ ከነካችሁት ልፍስፍስ ብሎ ይቀራል። የተፈታ ክር ደግሞ እንደ ጠጉር ሹሩባ ጥምዝምዝ ይላል። የወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥሜ፣ በአራት ቦታ አስሬ፣ ለብ ባለ ውኃ ነክሬ አሰጣዋለሁ። ከታች የእርጥብ ፎጣ ክብደት አንጠለጥልበታለሁ። በነጋታው ቀጥ ብሎ ይጠብቀኛል።

ቀይና ጥቁር ክር ግን ውኃው እስኪጠራ ደጋግማችሁ እጠቡ። ይህን በሎሚ ነው የተማርኩት። አንድ ጊዜ ባማረ ቀይ ክር መቀነት ሠራሁላት። ሳምንት ታጥቃው ቆየች። ሲፈታ ወገቧ ዙሪያ ቀይ መስመር ቀረ። በሳሙናም በሎሚም አሽቼዋለሁ፣ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ልጄ «ጠባሳዋ» ትለዋለች።

የመቀነቱ ሐሳብ ከጎረቤታችን ነው የመጣው። እትዬ ነው የምላቸው። ከሰዓት በኋላ ቡና አንድ ቀን በእኛ፣ አንድ ቀን በእሳቸው ቤት ነው። ዕጣኑ ይጨሳል፣ አቦሉ ይቀዳል፣ እሳቸው ዱዓቸውን ያደርሳሉ፣ እናቴ በራሷ አሜን ትላለች፣ ከዚያ ወሬው ይጀመራል። እሳቸው እንዝርታቸውን፣ እኔ ራጂዬን ይዘናል። ሎሚ መጀመሪያ ቡና ላይ ስትቀርብ ጠጋ አድርገው አዩዋት። «ሹራቡስ ጥሩ። ነጠላ የላት፣ መቀነት የላት፣ ይቺ የማን አገር ልጅ ናት?» አሉ። በማግሥቱ ራሳቸው የፈተሉትን አንድ ልቃቂት ጥጥ አመጡልኝ።

የእጅ ፈትል በራጂ መሥራት ቀላል አልነበረም። ሱፍ ስትስቡት ይመለሳል፤ ጥጥ አንዴ ከሰፋ ሰፋ ነው። ክሩም አንዱ ጋ ይወፍራል፣ አንዱ ጋ ይቀጥናል። ቀዳዳ ቀዳዳውን ሥራ አላልቼ ሠራሁትና ጫፉ ላይ አራት ረድፍ አረንጓዴና ቢጫ ጥለት አስገባሁበት። የክሩ ውፍረትና ቅጥነት እንዳይሆን ሲያደርገኝ የነበረው፣ ነጠላው ሲያልቅ እውነተኛ ሸማ አስመሰለው። እትዬ ሎሚን አለበሷት፣ ሻሿን ራሳቸው አሰሩላት። ቢጫው ፀጉር ተሸፈነ። «አሁን የሰፈራችን ልጅ ሆነች፣ ማሻአላህ» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲገቡ «ሎሚ እንዴት አደረች?» ሳይሉ አይቀመጡም።

ስለ ሹራብ ስም የሰማሁትም እዚያው ቡና ላይ ነው። የእትዬ ልጅ ከጂዳ ተመልሳ የመጣች ሰሞን ነበር። «ለሎሚ ሹራብ እየሠራሁ ነው» ስላት፣ «ጫማ ሳይኖራት ሹራብ ምን ያደርግላታል?» አለችኝ። ለካ እነሱ ጋ ሹራብ ማለት የእግር ሹራብ፣ ካልሲ ነው። ሱዳንና ግብፅም እንዲያው ይሉታል። ቃሉ ከእግር ተነሥቶ እኛ ጋ ሲደርስ ደረት ላይ ወጣ ማለት ነው። ይህ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀረና ኋላ ላይ ሳነብ፣ በዓለም ላይ ከተገኙት በጣም የቆዩ የሹራብ ሥራዎች መካከል ግብፅ ውስጥ የተገኙ ካልሲዎች እንዳሉ አየሁ። ከጥጥ ነው፤ ሰማያዊና ነጭ። ብዙ መቶ ዓመት ሆኗቸዋል። ለሎሚም ሰማያዊና ነጭ ካልሲ ሠራሁላት። ተረከዟ ከፍ ብሎ ስለተሠራ ካልሲ አያምርባትም። ቢሆንም ሠራሁላት።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ከተማውን ለቀን ወጣን። እኔ ወረቀቶቻችንን፣ የእናቴን መድኃኒትና ጥቂት ልብስ ያዝኩ። ልጄ ሎሚን ያዘች። ክሬና ራጂዎቼ ቤት ቀሩ። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሰንብተን በታኅሣሥ ስንመለስ ቤታችን ተበርብሮ ነበር። የጠፋው ብዙ ነው፣ እዚህ አልቆጥረውም። የክር ከረጢቴ ወለሉ ላይ ተገልብጦ፣ ተረግጦ፣ የዓመታት ቀለም በሙሉ አንድ ትልቅ ድብልቅልቅ ሆኗል። ሦስቱን ራጂ እዚያው ውስጥ አገኘኋቸው። አራተኛው ከሁለት ሳምንት በኋላ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ወጣ።

የተወሳሰበ ክር አይጎተትም። ሲጎተት ይጠብቃል። መሀሉን ላላ ላላ እያደረጋችሁ ጫፍ ትፈልጋላችሁ፤ ጫፍ ስታገኙ በመጣበት መንገድ መልሳችሁ ታወጡታላችሁ። ያን ሰሞን መብራት የለም፣ ሱቅ ዝግ ነው። እትዬና ሌሎች ሁለት ጎረቤቶች ቡና ሲመጡ ድብልቅልቁን መሀል ላይ አኖርነው። አንዷ ሰማያዊውን ያዘች፣ አንዷ ቡናማውን። ስለሆነው ነገር አልተነጋገርንም። «ይቺን ሳብ»፣ «ቆይ፣ በሥር ነው የገባችው»፣ እንዲህ ብቻ ነበር ወሬያችን። ዘጠኝ ቀን ሳይሆን አይቀርም የፈጀው። አሥራ አንድ ልቃቂት ወጣ። ሊፈታ ያልቻለውን ቆራርጠን፣ ቁርጥራጩን እየቋጠርኩ ለሎሚ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ካፖርት ሠራሁበት። ሃያ ምናምን ቀለም አለው። ቋጠሮዎቹን ወደ ውስጥ ደብቄአቸዋለሁ፤ ገልብጣችሁ ካያችሁት እንደ በግ ፀጉር ናቸው። ካሏት ልብሶች ሁሉ የሚሞቀው እሱ ነው።

ልጄ አሁን 11 ዓመቷ ነው። ከሎሚ ጋር እንደ ድሮው አትጫወትም። ግን ማንም ሳያያት ልብሷን ትቀይርላታለች። ሎሚ የምትቀመጠው ሱቄ ውስጥ፣ ከደብተሮቹ በላይ ነው። ሰኔ ሲገባ ኮፍያና ካፖርት፣ ለዓረፋና ለጥምቀት ነጠላና መቀነት። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናት እስክሪብቶ ሊገዙ ሳይሆን ምን እንደለበሰች ሊያዩ ጎራ ይላሉ። የራሳቸውንም ያመጣሉ። አንዷ ከጨርቅ የተሠራች አመጣችልኝ፣ አንዷ ደግሞ በቆሎ ቆረቆንዳ ላይ ፊት ተሥሎባት። እኛ እቃቃ ስንጫወት የነበራችን እንደዚያች ያለች ነበረች፤ ፀጉሯ የበቆሎ ፀጉር፣ ልብሷ የሻሽ ቅዳጅ። ለቆረቆንዳ ልብስ መሥራት ከሁሉ ይቀላል። ትከሻ የለው፣ ክንድ የለው። 20 ዓይን አንሥቶ ዙሪያውን መዝጋት ነው።

ባለፈው ሳምንት እህቴ በኢሞ ደወለች። የምትሠራበት ቤት የ4 ዓመት ሴት ልጅ አለች። የሎሚን ፎቶ ከእህቴ ስልክ ላይ አይታ የራሷን አሻንጉሊት አምጥታ እህቴ እግር ሥር አስቀመጠቻት። ትልቅ ናት፣ 46 ሴንቲ ሜትር። ደረቷ 28። እህቴ በክር ለክታ፣ ክሩን በማስመሪያ ላይ ዘርግታ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። ልጆች ሆነን አባታችን እንዲህ ነበር የሚለካን።

«ጂዳ ውስጥ ሹራብ ምን ያደርግላታል?» አልኳት።

«ኤሲውን አታውቂውም» አለችኝ። «ቤት ውስጥ እኮ ደሴ ነው። እኔም ይበርደኛል። ለእኔም ሹራብ ሥሪልኝ።»

«የኛን ነው የነሱን?»

ሳቀች። «ሁለቱንም» አለች።

የአሻንጉሊቷን ትናንት ማታ ዘጋሁት፤ አረንጓዴ ነው፣ ጉንጉን ወርዶበታል። የእህቴን ካልሲ ግማሽ አድርሻለሁ፤ ሰማያዊና ነጭ። ዕቃውን የምትወስድልኝ ሴትዮ ሐሙስ ከደሴ ትነሣለች። የእህቴ ትልቁ ሹራብ በሚቀጥለው ሰው ይደርሳል። በራጂ ነው የምሠራው፤ ክረምቱን ሙሉ ቢፈጅም።